ወደ ግብር መሥሪያ ቤት የተላኩ ሽማግሎች

እኔ ብርቅአየሁ፣ ሽማግሌ አላገባም ብዬ የማልኩት በባለቤቴ በሞገስ አርባ ማግስት ነው። ሞገስ ነፍሱን ይማረውና በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ያሳለፈው አልጋ ላይ ነው። ሥራዬ ስቶክሆልም ዳር፣ ፋርስታ ውስጥ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ ቀን የስዊድን ሽማግሌ ሳነሳ ሳስቀምጥ እውላለሁ፣ ቤቴ ስገባ ደግሞ የራሴው ይጠብቀኛል። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ እንደገና ማጠብ። ሲሞት አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው፣ ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ። ግን ደግሞ ደክሞኝ ነበር፣ በጣም ደክሞኝ ነበር። ለአርባው የተዋስነውን ወንበር ስንመልስ ልጄን ፌበንን ጠራኋትና፣ "ስሚኝ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ሰባ ዓመት ያለፈው ወንድ በዚህ በር አይገባም። ቄስ እንኳን ቢሆን ደጅ ቆሞ ይባርከኝ" አልኳት።

ሽፈራው የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የሚኖረው ሄሰልቢ ነው። በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ አረንጓዴ መስመር አንደኛው ጫፍ እሱ ነው፣ ሌላኛው ጫፍ እኔ ነኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ "እኔም ወደዚያው ነኝ" ይልና ከተማውን አቋርጦ ፋርስታ ድረስ ሸኝቶኝ፣ መልሶ ያንን ሁሉ መንገድ ይሄዳል። ወደዚያው እኮ ነው! ድሮ አሜሪካ ነበር፤ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ከሚስቱ ጋር ሲለያዩ እህቱ እዚህ ስለነበረች መጣና ጡረታ እስኪወጣ የከተማ አውቶቡስ ነዳ። ጥርሱ የራሱ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ አያለከልክም፣ ከወንበር ሲነሳ እጁን ጉልበቱ ላይ አይጥልም። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አያለሁ፤ ሥራዬ ነው።

አንድ ቀን ፋርስታ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ "ለመሆኑ ዕድሜህ ስንት ነው?" አልኩት።

"ስልሳ ስድስት" አለኝ። ዓይኑን እንኳን አላርገበገበም።

"ታዲያ እንዴት ጡረታ ወጣህ?"

"ቀደም ብዬ ነዋ" አለና ኬኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

እኔ ስልሳ አራት ነኝ። ሁለት ዓመት ምን አላት ብዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ እለው ጀመር። ሽፈራው ሲጠራኝ ደግሞ ብርቄ ነው የሚለኝ፤ ብርቄ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ወድጄው ነበር። ፀጉሬን ቀለም ተቀባሁ።

ነገሩ የተበላሸው በዴክላራሾን ሰሞን ነው፣ ማለቴ የዓመቱ ገቢ ለግብር በሚታወቅበት ጊዜ። ፌበን የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ግማሹ ምእመን እኔ ሳሎን ውስጥ ይሰለፋል። ልጄ አማርኛውን አጥርታ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ሰዉ በአማርኛ ይጠይቃታል፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፣ ሁሉም አመስግኖ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ቆየችና፣ "እማ፣ ሐበሻ ከጃንዋሪ አንድ በስተቀር በሌላ ቀን አይወልድም እንዴ?" ብላኛለች። ምን ልበላት? የስደተኛ ካምፕ ጸሐፊ ቀኑን አላውቅም ላለ ሰው ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጽፎለታል። እኔንም ጨምሮ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ተናግሮ በፈረንጅ የተጻፈበት ደግሞ ስንቱ ነው! በአንድ ጀንበር ስምንት ዓመት አርጅቶ ከካምፕ የወጣ አለ።

ሽፈራው ተራው ደረሰና ከፌበን ፊት ተቀመጠ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሻይ እቀዳለሁ።

"የእኔ የሚጨመር ነገር የለውም። እንዳለ አጽድቂልኝ" አላት።

እዚህ አገር የምታገኘውን መንግሥት ከአንተ በፊት ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ተሞልቶ ነው የሚመጣልህ። ፌበን ግን ሁሉንም የምትጠይቀው ጥያቄ አላት። "ከውጭ አገር የገባ ገንዘብ አለ?" አለችው።

ሽፈራው ሳለ። "ትንሽ ነገር ከአሜሪካ ልከውልኛል። እኔ አልጠየቅኋቸውም። ዝም ብለው ነው የላኩት።"

"ዝም ብሎ ገንዘብ የሚልክ አገር የለም" አለችና እጇን ዘረጋች። እያመነታ ከኮቱ ኪስ ደብዳቤውን አውጥቶ ሰጣት። አነበበችውና ፊቷ በራ። ይህች ልጅ የምትደሰትበት ነገር ግራ ነው የሚገባኝ።

"ኦ፣ ይሄንን አውቀዋለሁ!" አለች በስዊድንኛ። "መኪና ማቆሚያ ሲሠሩ አሠሪያቸው የጡረታ ተቀማጭ ከፍቶላቸዋል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሰው ሰባ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ከተቀማጩ በየዓመቱ የተወሰነ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ከውጭ የመጣ ጡረታ ብለን እንሞላዋለን። አለቀ።"

ለእሷ አለቀ፣ ለእኔ ግን ጀመረ። ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ታወቀኝ።

"ስንት ዓመት ሲሞላው?" አልኩ።

"ሰባ ሦስት።" ቀና ብላ እኔንና እሱን አየችና፣ "ኦይ" አለች።

ሽፈራው ከወንበሩ ብድግ አለ። "የወረቀት ዕድሜ ነው! ብርቄ ሙች፣ የወረቀት ነው! ሱዳን፣ ካምፕ ውስጥ፣ መቼ ተወለድክ ሲለኝ ሃምሳ ሁለት አልኩት። በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ሰውየው በእነሱ ጻፈው! አሜሪካም ያንን ይዛ፣ ስዊድንም ያንን ይዛ፣ እኔ ምን ላድርግ?"

ይህ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም፤ ያ ሳሎን ውስጥ ተሰልፎ ከነበረው ሰው ግማሹ እንዲህ የሆነ ነው። ሰዉም "እውነቱን ነው፣ እውነቱን ነው" አለ። እኔም ማመን ስለፈለግሁ አመንኩት።

ፌበን ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ "ሰባ ሦስት ካልሞላቸው ገንዘቡ አይገባቸውም ነበር ማለት ነው። ምናልባት መመለስ አለበት" አለች።

"ይመለስላቸው!" ብሎ ጮኸ ሽፈራው። "ዛሬውኑ ይመለስላቸው! እኔ ልጅ ነኝ በያቸው!"

በዕድሜዬ ገንዘብ ውሰዱልኝ ብሎ የሚጮህ ሐበሻ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"ገንዘቡ አይደለም ጉዳዬ" አልኩት። "ወረቀቱን አስተካክል። ወረቀትህ ሰባ አራት እያለ እኔ አጠገቡ ስሜን አልጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፌ አይቼዋለሁ።"

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ሦስት ሽማግሎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። አንዱ የሽፈራው አብሮ አደግ ፍቅረ ሥላሴ ነው። ሁለተኛው ከፍያለው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲነግድ የኖረ፣ አሁን ነገር የሚነግድ። ሦስተኛው ጋሮማ ጴንጤ ነው፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም፣ ግን በስቶክሆልም ሽማግሌ ሲያጥር ሃይማኖት አይጠየቅም። ተቀመጡ ብላቸው በወጉ መሠረት እምቢ አሉ።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ከፍያለው። "ልጃችን ሽፈራው..."

ልጃችን! ደሜ ፈላ። "ጋሼ ከፍያለው፣ ቤት ተሳስታችኋል" አልኩት። "የሰውየው ዕድሜ እኔ ጋ አይደለም ያለው፣ ግብር መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ አገር ልደቱም፣ ጋብቻውም፣ ሞቱም፣ ግብሩም የሚጻፈው አንድ ቤት ነው። ሂዱና እዚያ ሽምግሉ። የእነሱን እሺታ ይዛችሁ ከመጣችሁ የእኔንም ታገኛላችሁ።"

እኔ ይህን ያልኩት በንዴት ነው፤ ሰው አፍሮ ይሄዳል ብዬ ነው። እነሱ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያስኬዳል" አለ ጋሮማ።

"ማክሰኞ ይመቻችኋል?" አለ ከፍያለው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። የእኔዎቹ ግብር መሥሪያ ቤት ሽማግሌ ላኩ።

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ነበር። ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው መጥተዋል። ከፍያለው ጭራውን ይዟል፤ በሚያዝያ ስቶክሆልም ውስጥ ምን ዝንብ አለና! ባዶ እጅ አይሄድም ብለው ድፎ ዳቦ አስጋግረው ነበር፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ ስጦታ እንደማይቀበሉ በትሕትና ነገራቸው። "መባረክ የማይፈልግ ቤት" እያለ ፍቅረ ሥላሴ ዳቦውን ታቅፎ ገባ። ጋሮማ የወረፋ ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ፊት ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጸሎት ጸለየ። ከኋላው የቆመው ስዊድናዊ ማሽኑ እንዲህ ነው የሚሠራው ብሎ ነው መሰል በትዕግሥት ጠበቀው። ሽፈራው ከረቫት አስሮ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሊዳር እንደሚሄድ ሙሽራ አንድ ጥግ ላይ ቆሟል። እኔ አላየሁትም፤ ማለት አይቼዋለሁ፣ ግን እንዳላየ ሆንኩ።

ቁጥራችን ተጠራ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ወጣት ልጅ፣ ፀጉሯ ነጭ ሊባል የደረሰ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ፣ አምስት ሆነን ስንመጣባት ተጨማሪ ወንበር አስመጣችልን። ሽማግሎቹ አልተቀመጡም። በስልክ አስተርጓሚ ተገኘች፤ ድምፅዋ የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ ነው።

"ልጃችን" ብሎ ጀመረ ጋሮማ፣ "እኛ የመጣነው እንደ አባት ነው። ልመናችንን ሳትሰሚ እንዳትመልሺን። እሺ ካላልሽንም አንቀመጥም።"

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ልጅቱ፣ "በደስታ እሰማለሁ። ምን ነበር የፈለጋችሁት?" አለች።

"ዕድሜ" አለ ከፍያለው።

"የማን?"

"የዚህ የወንድማችን። ስምንት ዓመት እንድትቀንሺለት ነው የለመንንሽ።"

ልጅቱ ኮምፒዩተሯን አየች፣ ሽፈራውን አየች፣ ስልኩን አየች። ከፍያለው ዝምታዋን የዋጋ ክርክር መስሎት ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስምንቱ ከከበደሽ ስድስትም ቢሆን አንጣላም። አምስትም ይሁን፣ ግዴለም። ከአምስት በታች ግን አይሆንም፤ ሴትዮዋ ከሰባ በላይ አታገባም" አለና በጭራው ወደ እኔ አመለከተ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ልጅቱ ወደ እኔ ዞራ ጭንቅላቷን በአክብሮት ዝቅ አደረገችልኝ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳች። ዕድሜ በስምምነት አይቀነስም። የተመዘገበው ቀን ስህተት ከሆነ ግን ማስረጃ ይዞ ማመልከት ይቻላል፤ የክርስትና ወረቀትም ሆነ የትምህርት ቤት ወረቀት ወይም የሚያውቅ ሰው ምስክርነት ይታያል። "ግን" አለች ለሽፈራው፣ "የጡረታው ጉዳይ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ልደትዎ ከተቀየረ ዕድሜዎ ደርሷል ወይ ብለው ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ያንን አስበውበታል?"

ሽፈራው ተነሥቶ ቆመ። አስተርጓሚዋን አልጠበቀም፣ በራሱ ስዊድንኛ ነው የመለሰው። "ጡረታው ይቅር። እሠራለሁ። ነገ ጠዋት አውቶቡስ ንዳ ቢሉኝ ነገ ጠዋት እነዳለሁ። የፈለጉትን ያህል ዓመት።"

ልቤ ቅቤ ሆነ። ይኸው ነው፣ ምን እደብቃለሁ። በሕይወቴ ለእኔ ብሎ ነገ ጠዋት ሥራ እገባለሁ ያለ ሰው የለም። እዚያው በጉልበቴ ላይ ያለውን ቦርሳ እየጨበጥኩ፣ እሺ እለዋለሁ፣ ዛሬውኑ እለዋለሁ አልኩ በሆዴ።

"መልካም" አለች ልጅቱ። "መቼ እንደተወለዱ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው አለ?"

ፍቅረ ሥላሴ ዳቦውን ለጋሮማ አሳቀፈውና ጉሮሮውን ጠረገ። ይህችን ደቂቃ ሲጠብቅ ነው የዋለው።

"እኔ አለሁ!" አለ። "ከእኔ ሌላ ማን ሊያውቅ? አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ አንድ ቀን ነው ትምህርት ቤት የገባነው። የዚህን ሰው ወንድነት ልንገርሽ። በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ፣ ከተማው በተኩስ ሲናጥ እኛ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። እኔ ዴስክ ሥር ገብቼ አለቅስ ነበር። እሱ ነው እጄን ይዞ፣ እያሮጠ፣ ከእናቴ ያደረሰኝ! እንዲህ ያለ ሰው ነው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ በሆዴ እቆጥራለሁ። ሃምሳ ሁለት የተወለደ ሰው፣ በሃምሳ ሦስት የአንድ ዓመት ሕፃን ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ሁለተኛ ክፍል ገብቶ፣ በጥይት መሐል ጓደኛውን እየጎተተ ይሮጣል። ሽፈራውን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል።

"አባቴ፣ ይቅርታ" አለች አስተርጓሚዋ በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የተባለውን ሁሉ መተርጎም ግዴታዬ ነው። ዓመቱን ግን እርግጠኛ ነዎት?"

"እንዴታ!" አለ ፍቅረ ሥላሴ ደረቱን ነፍቶ። "ያውም በእኛ አቆጣጠር ነው የነገርኩሽ!"

"ተርጉሚው" አልኩ እኔ።

ተረጎመችው። ልጅቱ ኮምፒዩተሯ ላይ ጻፈች፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ ፊቷ ልክ እንደ ፌበን በራ። "በጣም ጥሩ ምስክርነት ነው! ያ ጊዜ በእኛ የስልሳ ዲሴምበር ነው። የተመዘገበው ሃምሳ ሁለት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል፤ ለሁለተኛ ክፍል ልክ ነው። ስለዚህ ምንም ስህተት የለም። የተመዘገበው ዕድሜዎ ትክክል ነው!" አለችና እንኳን ደስ አለዎት ማለት ብቻ ሲቀራት ፈገግ አለች።

ጉድ እኮ ነው! በዚህ ከተማ ካለነው ስደተኞች ሁሉ፣ ስንቱ ልደቱ ተዛብቶ፣ ስንቱ ከታናሽ ወንድሙ አንሶ በሚኖርበት አገር፣ ወረቀቱ ልክ የተጻፈለት አንድ ሰው ቢኖር እሱ ሆኖ ተገኘ። እሱንም እግዜር አመጣብኝ።

ፍቅረ ሥላሴ ገና አልገባውም፤ "ምን አለች? ተቀነሰለት?" ይላል።

ከወንበሬ ተነሣሁ። "አቶ ሽፈራው" አልኩ፣ "ምነው ቆመው ቀሩ? ይቀመጡ እንጂ። ትልቅ ሰው አይቆምም።" በጥፊ ብመታው ይሻለው ነበር። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ፤ እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ቱነልባናው ውስጥ ተከትሎኝ ገብቶ ማዶ ካለው ወንበር ተቀመጠ። ሄሰልቢ በሌላ አቅጣጫ ነው፤ የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም።

"ብርቄ፣ እውነቱን ብነግርሽ በሩን ትዘጊብኝ ነበር" አለኝ።

"በደንብ አድርጌ!"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ማርጀትዎን ይቀጥሉ!" አልኩት። አጠገባችን ያለችው ሴት ቋንቋው ባይገባትም መቀመጫዋን ቀየረች። ፋርስታ ስደርስ ወረድኩ፤ እሱ አልወረደም። በሩ ተዘግቶ ባቡሩ ሲሄድ በመስኮቱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አየሁት። የመጨረሻው ጣቢያ ድረስ ይሄድና ይመለሳል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አትጠይቁኝ። ሥራ ቦታ አንዱን ሽማግሌ ሳለብስ፣ "ውሸታም!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩበት፣ ምስኪኑ "ታክ፣ ታክ" ብሎ አመሰገነኝ። ውሸት አልወድም። ሰው ምን ቢወደኝ ዓይኔን እያየ ሊዋሸኝ አይገባም። ደግሞ ሳስበው፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላው ሰው፣ ጡረታው ይቅር፣ ነገ ጠዋት አውቶቡስ እነዳለሁ አለ። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ቢለው ምንም አይደለም። ሰባ አራት የሞላው ሲለው ግን እብድ ነው። ለእኔ ሲል ነው ያበደው። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ እንደገና እናደዳለሁ።

ዴክላራሾኑ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ፌበን ከነኮምፒዩተሯ መጣች። "የእሳቸው አላለቀም። ምን ላድርገው?" አለችኝ።

"ዕድሜው እንደተጻፈው ነው። አሳውቂለት፣ ከፍሎ ይገላገል" አልኩና ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ከአሜሪካ የመጣውን ማብራሪያ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ታነባለች። ከዚያ ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል?"

"ምንም። በዓመት ስንት እንደሚያወጡ እንዴት እንደሚያሰሉት ላይ ነው" አለች። "ተቀማጩን ለሚቀሩት ዓመታት ያካፍሉታል። ሠንጠረዥ አላቸው። ለሰባ ሦስት ዓመት ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ተኩል ይላል።"

"ሃያ ስድስት ዓመት?" ሳህኑን አስቀመጥኩ። "መቶ ሊሞላው? አብደዋል እንዴ!"

"አይ እማ፣ ለአንድ ሰው አይደለም የሚያሰሉት። ሰውየው ሚስት ይኑረው አይኑረው፣ አጠገቡ በአሥር ዓመት የሚያንሰው ሰው እንዳለ አድርገው ነው የሚቆጥሩት። ሃያ ስድስት ዓመት ተኩሉ ከሁለቱ የመጨረሻው እስኪሄድ ድረስ ያለው ነው።"

በአሥር ዓመት የሚያንሰው። እኔ ስልሳ አራት፣ እሱ ሰባ አራት።

"ማን ፈቀደላቸው?" አልኩ። "ማንን ጠይቀው? እኔ እሺ ሳልል፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ አሜሪካ ድራኝ አረፈች?"

ፌበን ትከሻዋን ነቀነቀች። "ሠንጠረዥ ነው እኮ።"

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። "የመጨረሻው ማነው ይላል?"

"ምን?"

"ከሁለቱ የመጨረሻ የሚቀረው። እኔ ነኛ?"

"ማን እንደሆነ አይልም፣ እማ" አለች፣ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሳ። "አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። እሳቸውም ሊሆኑ ይችላሉ። ማን ያውቃል?"

ይህ እኮ አንድም ቀን አልታሰበኝም። ሠላሳ ዓመት ሰው አጥቤ፣ ባሌን አጥቤ፣ ሁልጊዜ አልጋው ላይ ያለው ሌላ ሰው ነው፣ አጠገቡ ቆሜ እጅጌዬን የምሰበስበው እኔ ነኝ። አንድ ቀን አልጋው ላይ እኔ ብሆንስ? ማነው የሚያገላብጠኝ? እንደ እኔ ያለች አንዲት የማላውቃት ሴት፣ በሆዷ የሌላ ሰው ንዴት ይዛ፣ በማላውቀው ቋንቋ ውሸታም እያለችኝ? እኔ ስፈራ የኖርኩት መቅበርን ነበር። የሚቀብረኝ አለ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ፌበን ደንግጣ፣ "እማ፣ ምን ሆንሽ? ሠንጠረዥ ነው ብዬሻለሁ እኮ!" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ነው የመለሰችልኝ።

ስልኬን አነሳሁና ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው።

"ሽፈራው፣ ወገብህ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ወገቤ?" ደነገጠ። "ደህና ነው! ልክ እንደ ስልሳ..."

"ዋ!"

የጀመረውን ተወው።

"ጠዋት ጠዋት ያመኛል" አለ በመጨረሻ። "እስኪሟሟቅ ድረስ ጫማዬን ማሰር አልችልም።"

"ሰው ማንሳት ትችላለህ?"

"ማንን?"

"እኔን።"

ብዙ አሰበ። ቶሎ ቢመልስልኝ ኖሮ ስልኩን እዘጋበት ነበር።

"ብቻዬን አይመስለኝም፣ ብርቄ" አለ። "ግን ካስተማርሽኝ እሞክራለሁ።"

"ነገ ና" አልኩት። "ሽማግሌ እንዳታመጣ። አሳይሃለሁ፤ ሰው ለማንሳት መጀመሪያ ከጉልበት ዝቅ ነው የሚባለው።"